ትሕትና እናቷን ሳትቀብር የዋለችበት ቅዳሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለክንዱ

እንደምን ከርመሃል? ወገብህንስ እንዴት አደረገህ? መሪ ላይ ብዙ መቀመጥ ነው ያመጣብህ እያልሁ እብሰለሰላለሁ። ያምሮት እንዴት ናት፣ ያ የክረምቱ ሳል ለቀቃት? ቴዎፍሎስ ትምህርቱን ያዘ? ሸጋዬስ አፏን ፈታች ወይ? እንኳን ለጾሙ አደረሳችሁ። እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ፋሲካ እስኪደርስ ወተቱን ጥጃዋ ብቻዋን ትጠግበዋለች።

ባለፈው ስትደውል የጎረቤታችንን የእትዬ አስካለ ማርያምን ጤና ጠይቀኸኝ «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል» አልሁህ። ዋሽቼሃለሁ። ያን ዕለት ካረፉ ሳምንታቸው ነበር። መንገድ ላይ ነህ፣ መሪ ይዘሃል ብዬ ነው። ተማሪ ሳለህ እግርህ ተሰብሮ ሦስት ወር ያስታመሙህን ሴት ሞት በስልክ ልነግርህ አልደፈርሁም። አሁን ግን ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማው የሚከፋ ነገር አለበትና፣ እኔ ራሴ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥሁ። የማወራህ የሞታቸውን ብቻ አይደለም፤ አንድ ልጃቸው ትሕትና እናቷን ሳትቀብር መቅረቷን ነው። ሄጄ እንዳመጣት የተላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ትሕትናን የምታውቃት ገና አፍንጫዋን ሳትጠርግ ነው። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃለች። ሥራ ግን አላገኘችም፤ በወጣት ማዕከሉ ያለ ደመወዝ ልጆች ታስተምር ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮች መጋዘን ውስጥ ጥሎ አገኘችና ለምና አወጣቻቸው። ከሁለት ሙት አንድ ሕያው እያወጣች ስድስት አስነሣች። ከላያቸው የጫነችው ሊኑክስ የሚሉት በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። የሠራው ሰው ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎት፣ የፈለገ ይወስደዋል፣ የፈለገ ያስተካክለዋል፣ ደግሞ ለሌላ ያካፍለዋል። «ይህ ነገር ስርቆት እንዳይሆንብሽ» ብላት ሳቀችብኝና «እርሾ በይው እቴ ታንጉት፣ ከጎረቤት ወስደሽ በራስሽ ዱቄት ታቦኪዋለሽ እንጂ እርሾ ይሸጣል እንዴ?» አለችኝ። እሷ እንዲህ ስትለኝ ገባኝ።

ጥር መጨረሻ ላይ ቡሬ የሦስት ቀን ባዛር ነበር። ማር ሻጩ፣ ሸማ ሠሪው፣ ምርጥ ዘሩ ሁሉ በየድንኳኑ። ትሕትና አንድ ድንኳን ለምና፣ ሕዝቡ ያለ ክፍያ ጌም የሚጫወትበት ልታደርገው አራት ወር ተዘጋጀች። የባዛሩ አስተባባሪ ደረሰ የሚባል ሰው ነው፤ አፉ ማር። «በሦስተኛው ቀን ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፤ ከወደዱልሽ አንድ ክፍል ተሰጥቶሽ በደመወዝ ትቀጠሪያለሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበራትም። ጌሞቹን ወደ አማርኛ መለሰቻቸው። ቃል ሲቸግራት የታመመች እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠይቃለች። ሰው ሲሸነፍ ኮምፒውተሩ ምን ይበለው ብትላቸው፣ እትዬ አስካለ ትንሽ አሰቡና «‹ወድቆ መነሣት ያለ ነው፤ ድገም› ይበለው» አሉ። እንዳሉት ጻፈችው።

ሐሙስ ዕለት ስትሄድ እትዬ አስካለ እህል መቅመስ ካቆሙ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ልትቀር ብላ ነበር። ራሳቸው ናቸው «ሂጂ፣ አራት ወር የለፋሽበትን ለእኔ ሳል ብለሽ ትተይ?» ያሏት። እኔንም «እሷ እስክትመለስ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። ቅዳሜ የመርቆሬዎስ ዕለት፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እጃቸውን ይዤ አረፉ። ብዙም አልተጨነቁ።

እድሩ ጡሩንባ ነፋ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሃይለ ሚካኤል ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን አሉ። አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ስለዚህ እኔ ቡሬ ሄጄ «እናትሽ ትፈልግሻለች» ብዬ እንዳመጣት፣ እቤት ስትደርስ ሽማግሌ እንዲነግራት ተባለ። ማንም እንዳይደውልላት ታዘዘ። ነጠላዬን ለኀዘን አዘቅዝቄው ነበር፤ ቡሬ መናኸሪያ ስወርድ መልሼ አስተካከልሁት። ያን ማድረጌ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ።

አምስት ሰዓት ላይ ከድንኳኑ ደረስሁ። ክንዱ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከሽንዲ እህል ይዞ የመጣው ገበሬ ዱላውን ተደግፎ ተራ ይጠብቃል። ሁለት ቄሶች ጥምጣማቸውን እንዳደረጉ በጌሙ መኪና ይሽቀዳደማሉ። አንዱ አሮጌ ወታደር «ይህ መኪና ፍሬን የለውም፣ ለሕዝብ መስጠት ወንጀል ነው» እያለ ሕዝቡን ያስቃል። ትሕትና ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሯሯጠች ጣታቸውን ይዛ ታስጨብጣቸዋለች። ፊቷ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና «እናቴስ፣ ቀመሰች ወይ?» አለችኝ። «ደህና አድረዋል» አልኋት። ሌሊቱን ደህና አድረው ነበር፤ እውነት ነው። ቀኑን ግን አልጠየቀችኝም።

እንድትለቀቅልኝ ብዬ ደረሰን ወደ ጓሮ ጠርቼ ነገርሁት። ራሱን ያዘ፣ «ነፍስ ይማር» አለ። ወዲያው ሰዓቱን አየና «እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ እዚህ ናቸው። የአንድ ሰዓት ነገር ናት። ይህችን ሰዓት ካጣች ክፍሉም ሥራውም ሄደ። እስከ ዘጠኝ ትደርሻለሽ፤ ለሞተ ሰው ምን ያስቸኩላል?» አለኝ። ነገሩን ሳሰላው ልክ መሰለኝ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ምን ያህል ነው? አንድ ሰዓት አይፈጅም። ድሀ አደግ ልትሆን ነው፣ እናቷ እንደሁ አትነሣም፣ እንጀራዋ ይዳን ብዬ እሺ አልሁ። ማንም አላስገደደኝም።

ስድስት ሰዓት ሆነ፤ እንግዳ የለም። ደረሰ «መንገድ ላይ ናቸው፣ ጂጋን አልፈዋል» አለ። ትሕትና ዝም ብዬ መቀመጤ ከንክኗት ነው መሰል «ነይ አንቺም ሞክሪው፣ ከእኔ ጋር» ብላ አስቀመጠችኝ። ፔንግዊን የሚሏት አንዲት ወፍ አለች፤ መብረር የማትችል፣ ካባ የደረበች የምትመስል። መኪና ትነዳለች። ግራ ሲባል ቀኝ እሄዳለሁ፣ ግንብ እገጫለሁ፣ ገደል እገባለሁ። ወድቄ «ድገም» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ የማን ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እጄ ሥራ ይዟል፣ ትሕትና ትከሻዬ ላይ ተደግፋ በሳቅ ትንፈራፈራለች፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ሳቅሁ፣ ክንዱ። ያን ሬሳ በእነዚህ እጆቼ ገንዤ መጥቼ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

እስከ ሰባት ሰዓት ድንኳኑ ግማሹ አወቀ። ከፍኖተ ሰላም ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ወሬው አብሮ ይወርዳል። እንደልማዱ ለልጅቱ ማንም ትንፍሽ አላለም። አዝነው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉና ዘወር ሲሉ ትይዛቸዋለች፤ «ኑ፣ ተራው የእርስዎ ነው» ትላቸዋለች። ይቀመጡላታል። ማን እምቢ ይላታል? የዚያን ዕለት ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ተጫወተላት። እሷ ግን ነገሩ የተወደደላት መስሏት ክንፍ አወጣች።

ስምንት ሰዓት ላይ እድሩ ባዬን ሥጋ ሻጩን ላከብን። ላቡ ጠብ እያለ ገባና በዓይኑ ጠራኝ። «ፍትሐቱ ተጀምሯል፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አለኝ። ሳልመልስለት ትሕትና መጥታ እጁን ያዘች፤ «ጋሼ ባዬ፣ ከዚያ ድረስ ለእኔ ብለው መጡ?» ብላ ወንበር ሳበችለት። ያ በሬ የሚጥል ሰው ከወፊቱ ፊት ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ብንነሣ እንደርስ ነበር፤ ይህን ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ደረሰ እየሮጠ መጥቶ «መኪናቸው በር ላይ ነው፣ በር ላይ» አለ። እኔም በልቤ፣ ይህን ያህል ከጠበቅን በኋላ ባዶ እጇን ይዣት ልሂድ? ግማሹ ከጠፋ ግማሹ ይትረፍላት አልሁ። ለቄስ ሃይለ ሚካኤል ደውዬ ጥቂት ይጠብቁን ብላቸው «ቀባሪው ከሩቅ ገጠር የመጣ ነው፣ ቀን ሳለ ይመለስ እንጂ፤ ዘጠኝ ካልሁ ዘጠኝ ነው» አሉኝ።

እንግዶቹ ስምንት ተኩል ላይ ገቡ። መጀመሪያ ማሩን ቀመሱ፣ ከዚያ ንግግር ሆነ። ከትሕትና ድንኳን የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እናቷ ወደ ጉድጓድ በሚወርዱበት ሰዓት እሷ ለአንድ ሱፍ ለባሽ ሰው ወፊቱን እንዴት እንደሚያዞራት ታስረዳ ነበር። ሰርተፊኬት ሰጧት፤ «ክፍሉ ይሰጥሻል» አሉ። ሕዝቡ እያለቀሰ አጨበጨበላት። እሷም ሰው ሲያለቅስላት አይታ አለቀሰች፤ ከደስታ።

በአሥር ሰዓት ተኩሉ ሚኒባስ ተመለስን። ባዬ ከኋላ፣ እኔ ከጎኗ። መንገዱን ሙሉ የምታወራው ሰርተፊኬቱን እናቷ አልጋ ራስጌ ላይ ስለመስቀል ነው። ቄስ ሃይለ ሚካኤል በስልክ ሌላ ምክር ሰጥተውኝ ነበር፦ እናትሽ ሐኪም ቤት ገብታለች ብዬ እኔ ቤት እንዳሳድራት፣ መርዶው ጎህ ሲቀድ እንዲነገራት። እሱንም እሺ ብያለሁ። ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ሒሳብ ልትከፍል እጇን ስትዘረጋ ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና ረዳቱን «ከእሷ አትቀበል» አለው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ የምታውቅ መስሎት፣ «ከኀዘንተኛ ምን እንቀበላለን፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ» አላት። ደግ ሰው ነው፤ ልቡ አዝኖላት ነው።

አልጮኸችም። እኔን አየችኝ፤ ባዬን ዞራ አየችው። «መቼ?» አለችኝ። «ጧት» አልሁ። «ቀብሩስ?» «ዘጠኝ ሰዓት» አልሁ። ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን አየች። ሚኒባሱ ሲቆም ወርዳ ወደ ቤት አልሄደችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች። ስንደርስ አፈሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰርተፊኬቱ እጇ ላይ ነበር፣ የት እንደምታስቀምጠው የጠፋት ይመስል።

የመከራው መከራ ከዚያ በኋላ ነው። በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ እንባ አልወጣት አለ። ታዲያ ቡሬ እያወቁ አብረዋት የተጫወቱት ራሳቸው «እናቷ አፈር ስትለብስ ጌም ስትጫወት የዋለች ልጅ ምን እንባ አላት» ማለት ጀመሩ። ከደምበጫ የመጣችው አልቃሽ ሰምታ ኖሮ፣ ሙሾ ስታወርድ እንዲህ ብላ ጣለችባት፦

እናቷ ስትወርድ ከጉድጓዱ ደጃፍ፣
ልጅት ቡሬ ዋለች ስትጋልብ በወፍ።

ሴቱ ሁሉ ደረቱን መታ። ተነሥቼ «ያላወቀችው እኛ ደብቀናት ነው» ማለት ነበረብኝ። ተቀምጬ ቀረሁ። የደበቅሁት እኔ መሆኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳይነሣ ፈርቼ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። ትሕትና ከድንኳኑ ማዶ ሆና ታየኝ ነበር፤ እስክናገር ነው የምትጠብቀኝ። አልተናገርሁም።

ክፍሉም አልተሰጣትም። ኮምፒውተሮቹን ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት እንድታስረክብ ታዘዘችና ስታስረክብ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ «የፕሮግራሙ ደረሰኝ የታለ?» አላት። በነፃ የተገኘ ነው፣ ደረሰኝ የለውም ብትለው «ዋጋ የሌለውን ነገር በምን ብዬ ገቢ አደርገዋለሁ» ብሎ እምቢ አለ። ሁሉንም ደመሰሱትና ከሱቅ በተቀዳ ሲዲ ሌላ ጫኑበት። እናቷ አልጋ ላይ ሆነው ያወጡላት የአማርኛው ቃል ሁሉ አብሮ ሄደ። አሁን ማሽኖቹ ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል አሉ፤ ሁለቱ አይሠሩም።

አርባው በወጣ በማግስቱ እቤቴ መጣች። እንድትቀመጥ ብለምናትም ቆማ ነው ያነጋገረችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ «አንቺ፣ እቴ ታንጉት» ስትለኝ የኖረች ልጅ «እርስዎ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ቤት እየዞረች አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው፦ በስንት ሰዓት አወቁ? እኔንም «ድንኳኑ ስንት ሰዓት ደረሱ?» አለችኝ። «አምስት» አልኋት። «ከቀብሩ በፊት አራት ሰዓት ሙሉ» አለች፣ ለራሷ እንደማለት። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት «ባይነግሩኝስ፣ ልማድ ነው እንበል። እኔን የገደለኝ እሱ አይደለም» አለችኝ። «እየሳቁ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አላሳቅሁም፤ አሁን ዓይኔን ስጨፍን የማየው የእርስዎን ጥርስ ነው።» ከዚያ እናቷ እንዴት እንደተቀበሩ፣ ማን እንደተሸከማቸው፣ ሳጥኑ ምን ዓይነት እንደነበር እንድነግራት ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? እኔም አልነበርሁም። ሃያ ዓመት በአንድ አጥር የኖርኋቸውን ሴት እኔም አልቀበርኋቸውም። «ለካ እርስዎም አያውቁም» አለችና ወጣች። በሳምንቱ ባህር ዳር ገባች አሉ፤ የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሳይሆን ለቄስ ሃይለ ሚካኤል ነው የሰጠችው።

ከዚያ ወዲህ ሰው መምጣቱን አላቆመም። ቄስ ሃይለ ሚካኤል መጥተው «ደግ ነው ያደረግሽው፣ ልጅቱ ሲያልፍላት ታመሰግንሻለች» አሉኝ። ባዬ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። የጎረቤት ሴቶች «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልማዱ ነው» ይሉኛል፤ እነሱው ናቸው ሙሾዋን ዛሬም ውኃ ሲቀዱ የሚያንጎራጉሯት። ደረሰ ደግሞ ሰው ልኮ ከድንኳኑ የጠፋ የመብራት ማከፋፈያ ገመድ እኔ ዘንድ እንደሆነ አስጠየቀኝ። ስለ ልጅቱ ምንም አላለም።

እንግዲህ ክንዱ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁልህ ለአንድ ነገር ነው። እናታችን እማማ ሰማንያን አልፋለች፤ እስከ ዛሬ በእግሯ ቅዳሴ ትደርሳለች፣ ግን ዕድሜ ነው። የእሷ ቀን ሲመጣ፣ እኔ ካለሁ፣ በዚያችው ሰዓት እደውልልሃለሁ። ሽማግሌ አልልክብህም። «ትንሽ አሟታል» አልልህም። መሪ ይዘህም ቢሆን፣ ሰርግ ቤትም ብትሆን አወጣዋለሁ። አገሬው «እንዴት ያለች ጨካኝ ናት፣ ወንድሟን በስልክ አረዳችው» ይበለኝ፤ እችለዋለሁ። ካለህበት ከነገሌ እዚህ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አንተ ታውቃለህ፤ ቀብሩ ላይ አትደርስም። ግን አፈሩ ሲመለስ ሰዓቱን ታውቀዋለህ፤ መኪናህን ዳር አቁመህ ትቀመጣለህ። የዚያን ሰዓት ስቄ ነበር ወይ ብለህ በየሰዉ ቤት እየዞርህ አትጠይቅም። ስልክህን አትዝጋ።

ለያምሮት በጣም ሰላም በልልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቃት ጦስኝ እልክላታለሁ። ቴዎፍሎስን ግንባሩን ሳምልኝ። ሸጋዬን ሁለት ጉንጯን። አከራያችሁን እማማ እህተ ማርያምንም እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። እማማ «ጾሙን እንዳያጠብቀው፣ መንገደኛ ነው» ብላሃለች፤ ግንባርህን ትስማለች።

እህትህ ታንጉት
ፍኖተ ሰላም
መጋቢት 22 ቀን 2005 ዓ.ም.